የከተማ እድገት በምን ይለካል?

«ከተማችን አድጓል» ሲባል መስማት የተለመደ ነው። ለመሆኑ፣ ውድ አንባቢያችን፣ ይህን ሲሰሙ በዓይነ ሕሊናዎ የሚመጣው ምንድን ነው? ለብዙዎቻችን አዲስ የተነጠፈ አስፋልት፣ ፎቅ ቤት፣ የባንክ ቅርንጫፍ፣ በመንገድ ዳር የተሰለፈ ከባድ መኪና ነው። ይህ ሁሉ ከሩቅ የሚታይ ስለሆነ ለመቁጠርም ይቀላል። ነገር ግን በዚያው ከተማ የምትኖር አንዲት እናት ውሃ ለመቅዳት በቀን ስንት ሰዓት እንደምታጠፋ፣ በአንዲት ክፍል ስንት ልጆች እንደምታስተኛ፣ ከምታገኘው ገንዘብ ስንቱ ለከሰል እንደሚወጣ የተጻፈበት መዝገብ እምብዛም አይገኝም። በዛሬው ዓምዳችን የምንነጋገረው ስለዚህ ስላልተጻፈው መዝገብ ነው።

ስለ «ዘላቂ እድገት» መነገር ከተጀመረ ብዙ ዓመት ሆኖታል። አሳቡን በዓለም ዙሪያ ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው የዓለም የአካባቢና የልማት ኮሚሽን ሪፖርት ሲሆን፣ የኮሚሽኑ ሊቀ መንበር የነበሩትም የኖርዌይ ጠቅላይ ሚኒስትር፣ በሙያቸው ሐኪም የሆኑት ወይዘሮ ግሮ ሃርለም ብሩንትላንድ ናቸው። የአሳቡ ፍሬ ነገር የዛሬው ትውልድ ፍላጎቱን ሲያሟላ የነገውን ትውልድ ድርሻ እንዳይበላ ነው። መቼም ይህ ለአገራችን እናቶች አዲስ ትምህርት አይደለም። የገበሬ ሚስት የቱንም ያህል ቢቸግራት ለዘር የተቀመጠውን እህል ወደ ወፍጮ አትልክም። አርብቶ አደሯም እናት ጥጃው የሚጠባውን ሳታስቀር ወተቱን በሙሉ አልባ አትጨርስም። አዲሱ ነገር ይህንኑ ጥንቃቄ በከተማ ላይ መሞከሩና በቁጥር መለካቱ ነው።

መስከረም 2008 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት አባል አገሮች 17 የዘላቂ ልማት ግቦችን ሲያጸድቁ 11ኛው ግብ ስለ ከተሞች ሆነ። ከግቡም ጋር መለኪያዎች ተዘረዘሩ። ጉዳዩ ለእኛ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣው ጥናት የማዕከላዊ ስታቲስቲክስን ትንበያ መሠረት አድርጎ እንደገለጸው፣ በ2012 15.2 ሚሊዮን የነበረው የኢትዮጵያ የከተማ ነዋሪ በ2037 ወደ 42.3 ሚሊዮን ከፍ ይላል። ይህ ሁሉ ሕዝብ አዲስ አበባ ላይ ብቻ አያርፍም። ስማቸውን በአውቶቡስ መስኮት በኩል አንብበን በምናልፋቸው ትንንሽ የመንገድ ዳር ከተሞችም ይሰፍራል።

ስለዚህ ነገሩን በቅርብ ለመመልከት ከአዋሽ ሰባት ኪሎ ተነሥተን የአዋሽን ሸለቆ በመከተል ወደ ሰሜን እንጓዝ። መንገዱ በገዋኔ፣ በአዳይቱ፣ በሚሌና በሎግያ አልፎ ሰመራ ይገባል፤ ከዚያም በጋላፊ በኩል ወደ ጅቡቲ ይቀጥላል። አገራችን ከውጭ ከምታስገባውና ወደ ውጭ ከምትልከው ዕቃ እጅግ የሚበዛው የሚያልፈው በጅቡቲ ወደብ ስለሆነ የዚህ መንገድ መኪና ሌሊትም ቀንም አይቆምም።

በዚህ አንድ መንገድ ላይ የሚገኙት ከተሞች አወላለዳቸው የተለያየ ነው። አዋሽ ሰባት ኪሎ የባቡር ልጅ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ሲሆን አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው፤ በመካከሉ አዋሽ ላይ ጣቢያው ተተከለ፣ ሆቴሉ ተከፈተ፣ ሠራተኛው ቤተሰቡን ይዞ ሰፈረ። ሰመራ ደግሞ የመንግሥት ውሳኔ ልጅ ናት። ነዋሪ ባልነበረበት ጠጠራማ ሜዳ ላይ ተቆርቁራ የአፋር ክልልን ርእሰ ከተማነት ከአይሳኢታ ተረከበች፤ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ፣ በሱልጣን አሊሚራህ ሐንፈሬ ስም የተሰየመ አውሮፕላን ማረፊያና ደረቅ ወደብ አላት፤ ከጎረቤቷ ከሎግያ ጋርም በአንድ የከተማ አስተዳደር ሥር ሆናለች። አዳይቱን ግን ያበቀላት ይኸው አስፋልት ነው። ሾፌር የሚያርፍበት፣ ሻይ የሚፈላበት፣ ከብት የሚነዳ አርብቶ አደር ስኳርና ዱቄት የሚገዛበት የመንገድ ዳር ሥፍራ ናት።

ስለ አዳይቱ ሲነሣ አንድ ሳይነገር የማይታለፍ ነገር አለ። አዳይቱ፣ ገዳማይቱና ኡንዱፎ አፋሮችና የኢሳ ሶማሌዎች የሚወዛገቡባቸው ቀበሌዎች ናቸው። ሁለቱ ክልሎች በ2007 ዓ.ም. ተስማምተው የነበረ ቢሆንም በ2011 ዓ.ም. የሶማሌ ክልል ከስምምነቱ መውጣቱን አስታውቋል፤ ከዚያም ወዲህ በተቀሰቀሱ ግጭቶች የሰው ሕይወት ጠፍቷል። የከተማ ባለሙያዎች ይህን «የይዞታ ዋስትና» በሚል ርእስ ሥር ያስቀምጡታል። በቤት እመቤት ቋንቋ ግን ነገሩ እንዲህ ነው፦ ነገ እዚህ መኖሯን የማታውቅ ሴት ወለሏን በሲሚንቶ አታስለብስም፣ መጸዳጃ ጉድጓድ አታስቆፍርም፣ ጥላ የሚሆን ችግኝም አትተክልም። ከተማው በሰው ቁጥር ያድጋል፤ ቤቶቹ ግን እንደ እንግዳ ማረፊያ ይቀራሉ።

ወደ ቁጥሩ ስንመለስ፣ የመጀመሪያው ችግር የሚቆጠረው ሰው ራሱ ነው። በመላ አገሪቱ የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተደረገው ግንቦት 1999 ዓ.ም. ሲሆን በአፋርና በሶማሌ ክልሎች በኅዳር 2000 ዓ.ም. ተካሄዷል። ያን ጊዜ የአፋር ክልል ሕዝብ 1,390,273 ሲሆን በከተማ የሚኖረው 185,135፣ ማለትም ከመቶ 13 ያህሉ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሌላ አገር አቀፍ ቆጠራ አልተደረገም። ስለዚህ ዛሬ ስለ ሰመራም ሆነ ስለ አዳይቱ የሚነገረው የነዋሪ ቁጥር ከዚያ ቆጠራ ላይ እየተሰላ የመጣ ግምት ነው። በዚያው ቆጠራ ውስጥ ሴት አንባቢያን ሊያስተውሉት የሚገባ አንድ ነገር ደግሞ አለ። ወንዶቹ 775,117፣ ሴቶቹ 615,156 ናቸው። በሌላ አነጋገር ለ100 ሴት 126 ወንድ ማለት ነው። ይህን ያህል ልዩነት በተፈጥሮ የሚመጣ አይደለም። እነዚያ ሴቶች የት ሄዱ? ቆጣሪው ሲመጣ ውሃ ወርደው፣ ከብት ተከትለው ይሆን? ወይስ ስማቸውን የሚያስመዘግብላቸው ሰው አልነበረም? መልሱ የትኛውም ቢሆን፣ በመጀመሪያው መዝገብ ላይ የጎደለች ሴት ከእርሱ ተነሥቶ በሚሰላው የውሃ፣ የጤናና የትምህርት ቤት ዕቅድ ሁሉ ላይ ትጎድላለች።

ውሃ በጄሪካን ሲለካ

ለአገራችን ከተሞች የውሃ ልክ ወጥቶላቸዋል። በሁለተኛው የእድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ (ከ2008 እስከ 2012 ዓ.ም.) ከአንድ ሚሊዮን በላይ ነዋሪ ላለው ከተማ ለአንድ ሰው በቀን 100 ሊትር፣ ነዋሪው ከ20,000 ለማይበልጥ ትንሽ ከተማ 40 ሊትር ከ250 ሜትር ባልራቀ ሥፍራ፣ ለገጠር ደግሞ 25 ሊትር ከአንድ ኪሎ ሜትር ባልራቀ ሥፍራ እንዲዳረስ ታቅዶ ነበር። ቁጥሩን እንዲሁ ካነበብነው ብዙ አይነግረንም። ወደ ጄሪካን እንመንዝረው።

ስድስት ሰው ያለበት ቤተሰብ በከተማው ልክ በቀን 240 ሊትር ይደርሰዋል። ይህም ባለ 20 ሊትሩ ጄሪካን 12 ጊዜ ሞልቶ ማለት ነው። በገጠሩ ልክ ግን 150 ሊትር፣ ማለትም ሰባት ጄሪካን ተኩል ብቻ ነው። እንግዲህ አንዲት የመንገድ ዳር መንደር «ከተማ» ተብላ መመዝገቧ ወይም «የገጠር ቀበሌ» ተብላ መቅረቷ ለአንድ ቤት በቀን የአራት ጄሪካን ተኩል ልዩነት አለው። ይህን ልዩነት የምትሸከመው ማን እንደሆነች መናገር አያስፈልግም።

አሁን ደግሞ ሰዓቱን እናስላ። የዓለም የጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በሚጠቀሙበት መለኪያ መሠረት ከተጠበቀ ምንጭ ውሃ ቀድቶ ለመመለስ ወረፋውን ጨምሮ ከ30 ደቂቃ የማይበልጥ ከሆነ ያ ቤተሰብ «መሠረታዊ የውሃ አገልግሎት» አለው ይባላል። ሠላሳ ደቂቃ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ሙሉ ጄሪካን 20 ኪሎ ስለሚመዝን አንዲት ሴት በአንድ ጊዜ ከአንድ በላይ አትሸከምም። ስለዚህ 12 ጄሪካን፣ ለእያንዳንዱ ግማሽ ሰዓት፣ በድምሩ ስድስት ሰዓት ይሆናል! የመንግሥት ሠራተኛ በቀን የሚሠራው ስምንት ሰዓት ነው። አህያ ያላት ወይም በጋሪ የሚመጣውን ለመግዛት አቅም ያላት ትድን ይሆናል። የሌላት ግን ስድስት ሰዓቱን አትከፍልም፤ አትችልምና። የምታደርገው በአራት ወይም በአምስት ጄሪካን መብቃቃት ነው። መጀመሪያ የሚቀረው ልብስ ማጠብ፣ ቀጥሎ ገላ መታጠብ፣ ከዚያም እጅ መታጠብ ነው፤ ተቅማጥም በዚያ በር ይገባል። በሪፖርቱ ላይ ግን ይህ ቤተሰብ «ውሃ ያገኘ» ተብሎ ይጻፋል።

የኒው ዚላንድ የምክር ቤት አባል የነበሩት ወይዘሮ ማሪሊን ዌሪንግ እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተሙት መጽሐፍ ይህንኑ ነገር ለዓለም አሳስበው ነበር። የአገሮች የሀብት ሒሳብ ሲሠራ ገንዘብ ያልተከፈለበት የሴቶች ሥራ ከመዝገቡ ውጭ እንደሚቀር አስረድተዋል። የውሃ ቦቴ ሾፌር የሚያመጣው ውሃ በአገር ምርት ውስጥ ይገባል፤ እናት በጀርባዋ የምታመጣው አይገባም።

ከብዛቱ ሌላ ጥራቱም አለ። በስምጥ ሸለቆአችን በብዙ ሥፍራ ከጉድጓድ የሚወጣው ውሃ ፍሎራይድ የሚባል ንጥረ ነገር ይበዛበታል። የዓለም የጤና ድርጅት ያስቀመጠው ጣሪያ በአንድ ሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ከዚህ ሲያልፍ በልጅነት የጠጡት ሰዎች ጥርስ ይበልዛል፤ እጅግ ሲበዛም አጥንት ይጎዳል። ማፍላት ፍሎራይድን አያጠፋም። ስለዚህ «ቧንቧ ገብቶልናል» ብሎ ከመደሰት ጋር «ውሃው ተመርምሯል ወይ?» ብሎ መጠየቅም ተገቢ ነው።

ቤቱ የማን ነው?

ከውሃው ወደ ቤቱ እንግባ። የአፋር አርብቶ አደር ቤት ዳቦይታ ይባላል። እንጨቱ ጎብጦ ይተከልና ከዘንባባ ቅጠል በተሠራ ሰሌን ይለበሳል፤ ሰፈር ሲለቀቅ ተፈትቶ በግመል ይጫናል። ሰሌኑን የምትሠራው፣ ቤቱን የምትተክለውና የምትፈታው ሴቷ ናት። ወንዱ ከብቱን ቢያውቅ ቤቱን የምታውቅ እርሷ ነች። በሌላው የአገራችን ክፍል ቤት ሠሪ ሲባል ወንድ አናጢ ብቻ ለሚታየን ለእኛ ይህ ሊያስደንቀን ይገባል።

የተባበሩት መንግሥታት የሰፈራ ጉዳይ ድርጅት፣ ዩኤን ሀቢታት፣ አንድ ቤተሰብ ከአምስት ነገሮች አንዱ ከጎደለው በተጎሳቆለ መንደር እንደሚኖር ይቆጥረዋል። አምስቱም ንጹሕ ውሃ፣ መጸዳጃ፣ በአንድ ክፍል ከሦስት ሰው ያልበለጠ በቂ መኖሪያ፣ ጽኑ ቤትና የይዞታ ዋስትና ናቸው። ጥሩ መለኪያ መሆኑ አይካድም፤ ልጆቻችንን ለመጠበቅ የሚያስፈልገውን አብዛኛውን ነገር ይዟል። ይሁን እንጂ በአዋሽ ሸለቆ ሲሞከር አንድ ቦታ ላይ ይሰናከላል። በዚህ ልክ ሰሌን የለበሰው ዳቦይታ «ጽኑ ያልሆነ» ተብሎ ሲወድቅ፣ ቆርቆሮ በቆርቆሮ የሆነች አንዲት ክፍል ከእርሱ የተሻለች ትባላለች። በሰመራና በዱብቲ አካባቢ በሞቃቱ ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ሰሌን ነፋስ ያሳልፋል፤ ቆርቆሮ ግን እንደ ምጣድ ይግላል። እኩለ ቀን ላይ ሕፃን ታቅፋ በዚያች ክፍል የምትቀመጥ እናት ቤቷ «ተሻሽሏል» ስትባል ምን ትል ይሆን? በእኔ አስተያየት በእንዲህ ያለ አገር የቤት መለኪያ ያለ ቴርሞሜትር ሙሉ አይሆንም።

ከሙቀቱ የሚከፋው ደግሞ ሌላ ነው። ቤተሰቡ ከብቱ አልቆበት ወይም ልጆቹን ለማስተማር ብሎ ወደ መንገድ ዳር ሲወርድ ቤት በሰሌን መሥራት ይቀራል። ቆርቆሮና ሚስማር በገንዘብ ይገዛል፣ አናጢ ይቀጠራል፣ ቦታው ከቀበሌ ይጠየቃል። በወረቀቱ ላይ የሚሰፍረው ስም አብዛኛውን ጊዜ የቤቱ አባወራ ስም ነው። ትናንት ቤቱን በእጇ ትተክልና ትፈታ የነበረችው ሴት ዛሬ በሌላ ሰው ስም በተመዘገበ ቤት ውስጥ ነዋሪ ትሆናለች። ባል ቢሞት ወይም ቢፈታት ጄሪካኗንና ልጆቿን ይዛ ከመውጣት የሚያድናት በእጇ ያለ ማስረጃ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 35 ሴቶች ንብረት የማፍራት፣ የማስተዳደርና የማስተላለፍ መብት እንዳላቸው፣ በመሬት አጠቃቀምም ከወንዶች ጋር እኩል እንደሆኑ ደንግጓል። በአማራ ክልል ገጠር ለገበሬዎች በተሰጠው የይዞታ ደብተር ላይ የባልና የሚስት ስም አብሮ እንዲሰፍር መደረጉ ነገሩ የሚቻል መሆኑን ያሳያል። በከተማ የሚሰጠው ካርታስ? ከመቶ ካርታ ስንቱ የሴት ስም እንዳለበት ማንም ማዘጋጃ ቤት ከራሱ ፋይል ቆጥሮ በአንድ ሳምንት ሊያውቀው ይችላል። እንደ እኔ እምነት አንድ ከተማ በዘላቂነት እያደገ መሆኑን ለማወቅ ከፎቆቹ ቁጥር ይልቅ ይህ ቁጥር የተሻለ ምስክር ነው።

በዓለም መለኪያዎች ውስጥ ስሙ ብዙ የሚነሣ አንድ ስሌት ደግሞ አለ፤ የከተማው ቦታ በምን ያህል ፍጥነት እንደሰፋና ሕዝቡ በምን ያህል ፍጥነት እንደጨመረ የሚያነጻጽር ነው። ቦታው ከሕዝቡ ቀድሞ ከሰፋ ውጤቱ ከአንድ በላይ ይሆናል፤ ከተማው መሬት እያባከነ ነው ይባላል። ከአንድ በታች ከሆነ ግን ቆጣቢ ነው ተብሎ ይመሰገናል። ለምሳሌ ያህል አንድ ከተማ በ10 ዓመት ውስጥ ሕዝቡ እጥፍ ሆኖ ቦታው በግማሽ ብቻ ቢሰፋ ውጤቱ ያማረ ይመስላል። ነገር ግን ያ ሕዝብ የት ተኛ? ፎቅ ተሠርቶለት ከሆነ መልካም ነው። ሦስት ሰው ይተኛባት በነበረች ክፍል ስድስት ተኝቶባት ከሆነ ግን የተቆጠበው መሬት ሳይሆን የልጆቹ እንቅልፍና ጤና ነው። በተቃራኒው እንደ ሰመራ ባለ ሰፊ ሜዳ ላይ መሥሪያ ቤቱ፣ ገበያውና ትምህርት ቤቱ ተራርቀው ሲሠሩ ርቀቱን በፀሐይ የምትመታው በእግሯ የምትሄደዋ ናት። ባለ መኪናው ርቀቱን አያውቀውም። ስለዚህ ይህን ስሌት ብቻውን ማመን አይገባም፤ በክፍል ውስጥ ያለው ሰው ቁጥርና ወደ ገበያ የሚያደርሰው ደቂቃ አብረውት ሊነበቡ ይገባል።

የምድጃው ነገር

በአዋሽና በሚሌ መካከል የተጓዘ ሰው በመንገዱ ግራና ቀኝ ተደርድሮ የሚሸጠውን የከሰል ጆንያ ሳያይ አይቀርም። ከዚህ ከሰል ብዙው የሚመጣው ፕሮሶፒስ ከሚባለው እሾኻማ ዛፍ ነው። ዛፉ ለጥላና በረሃን ለመከላከል ተብሎ ከ1960ዎቹ መጨረሻ ዓ.ም. ወዲህ ወደ አፋር የገባ ሲሆን፣ አፋሮቹ «ደርጊ ሃራ»፣ የደርግ ዛፍ፣ ይሉታል። በአሁኑ ጊዜ በክልሉ ከአንድ ሚሊዮን ሄክታር በላይ መሬት እንደወረረ ይገመታል። የግጦሹን ሣር ስለሚያጠፋ ከብት የሚያረባው ቤተሰብ ወደ መንገድ ዳር እንዲወርድ ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ነው።

እዚህ ላይ መለኪያው ይወሳሰባል። በሌላ አገር ከሰል የሚያከስል ሰው ደን አጥፊ ተብሎ ይመዘገባል። በአዋሽ ሸለቆ ግን ፕሮሶፒስን ቆርጦ የሚያከስል ሰው ግጦሹን እያስለቀቀ ሊሆን ይችላል። ችግሩ ከሰሉ ጆንያ ውስጥ ከገባ በኋላ ፕሮሶፒስ ይሁን አገር በቀሉ ግራር አይለይም። ግራሩ ደግሞ ለፍየልና ለግመል ቀለብ፣ ለሰውም ጥላ ነው። «ከመቶ ይህን ያህል ቤት በከሰል ያበስላል» የሚለው ቁጥር ይህን ሁሉ ሸፍኖ ያልፋል።

ለእመቤቶች አንድ ነገር ጣል አድርገን እንለፍ። ላቀች የተባለችው የተሻሻለች የከሰል ማንደጃ ከተራው የቆርቆሮ ማንደጃ ጋር ስትነጻጸር ከሰልን በሩብ ያህል እንደምትቆጥብ ይነገርላታል። በአራት ጆንያ አንድ ጆንያ ማትረፍ ቀላል ነገር አይደለም። ማንደጃው ምንም ዓይነት ይሁን፣ ከሰል በተዘጋ ክፍል ውስጥ ማቀጣጠል ሽታ በሌለው ጋዝ ሰው ይገድላልና ደጅ ላይ ወይም መስኮቱና በሩ ተከፍቶ ይሁን።

መኪናው ቢቀርስ?

አሁን ደግሞ ስለ ገቢ ጥቂት እንበል። የመንገድ ዳር ከተማ ሴቶች ሻይና ቡና ያፈላሉ፣ ምግብ ያበስላሉ፣ አልጋ ያከራያሉ፣ ወተትና ከሰል ይሸጣሉ። ደንበኛቸው አንድ ነው፤ አላፊ መኪና። አዋሽ ሰባት ኪሎ የዚህን ነገር ትርጉም ካየች ቆይታለች። አሮጌው ባቡር አገልግሎቱን ሲያቆም በጣቢያው ዙሪያ ይነግዱ የነበሩ ሴቶች ገበያ አብሮ ሄደ። በ2009 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን፣ እንደ ድሮው በየጣቢያው ቆሞ ተሳፋሪው ብርቱካንና እንቁላል የሚገዛበት አይደለም። የሰሜኑም መንገድ ቢሆን እስከ 1990 ዓ.ም. ድረስ ጭነቱ ወደ አሰብ ነበር። ጦርነቱ ሲነሣ ሁሉም ወደ ጅቡቲ ዞረ፤ ከአሰብ አቅጣጫ ይኖሩ የነበሩት የመንገድ ዳር ገበያዎች በአንድ ወቅት ተዘጉ። ስለዚህ በአዳይቱም ሆነ በሚሌ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ «ስንት መኪና አለፈ?» ብቻ ሳይሆን «መኪናው ለአንድ ወር ቢቀር ምድጃቸው የማይጠፋ ስንት ቤቶች አሉ?» የሚለውም ነው።

አዋሽ ራሱም ቢሆን የሚያመጣው ዕዳ አለው። ወንዙ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ባሕር ሳይደርስ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። የቆቃ ግድብ ከተሠራበት ከ1952 ዓ.ም. ወዲህ ውሃው ለመብራትም፣ ለወንጂና ለመተሐራ ሸንኮራም፣ ለታችኛው አዋሽ ጥጥም ሲከፋፈል ኖሯል። የአዲስ አበባና የሞጆ ቆሻሻ ከላይ የገባበትን ውሃ ከታች የሚጠጣ አለ። አዲስ አበባ ስታድግ እድገቷ በራሷ መዝገብ ላይ ሲጻፍ፣ ወጪው ግን በአፋር እናቶች ጄሪካን ውስጥ ይገኛል። ወንዙ ነሐሴ 2012 ዓ.ም. ከመጠን በላይ ሞልቶ በአፋር ብዙ ቤተሰብ ከቤቱ አፈናቅሏል። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በአዋሽ ፈንታሌና በዱለቻ አካባቢ መሬት ደጋግሞ ተንቀጥቅጦ በአሥር ሺህ የሚቆጠር ሰው ሰፈሩን ለቋል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ተፈትቶ በግመል የሚጫነው ቤት «ጽኑ ያልሆነ» መባሉ እንደገና ያጠያይቃል።

እንግዲህ፣ ውድ አንባቢያችን፣ ይህን ሁሉ ለመለካት የግድ ከውጭ ባለሙያ መምጣት የለበትም። አሥር እመቤቶች፣ አንድ የተማሪ ደብተርና አንድ ሰዓት ይበቃሉ። ማንበብ የማትችለዋ ለየጄሪካኑ አንድ ጭረት ታድርግ፤ ከስምንተኛ ክፍል ልጇ ጋር ሆና ማታ ትደምረዋለች። በደብተሩ ላይ ለሰባት ቀን የሚጻፈው በቀን የተቀዳው ጄሪካንና የወሰደው ደቂቃ፣ የተከፈለበትም እንደሆነ ዋጋው፣ በየክፍሉ የተኛው ሰው፣ ለከሰል የወጣው ብር፣ መጸዳጃውን ስንት ቤተሰብ እንደሚጋራው፣ የቤቱም ወረቀት በማን ስም እንዳለ ነው። ከአሥሩ ቤት የተገኘው ተደምሮ ለአሥር ሲካፈል የመንደሩ ልክ ይገኛል። በሚቀጥለው ዓመት በዚያው ወር፣ በዚያው ቤት እንደገና ይጻፍ። ቀበሌው ወይም ማዘጋጃ ቤቱ የውሃ ቦኖ የት እንደሚተከል ሲወስን ያ ደብተር በስብሰባው ጠረጴዛ ላይ ቢገኝ «ውሃ አነሰን» ከሚል አቤቱታ ይልቅ ክብደት አለው፤ ቁጥር ያለበትን ወረቀት መልስ ሳይሰጡ ወደ መሳቢያ መክተት ያስቸግራልና።

ወሩን ስትመርጡ ግን ተጠንቀቁ። በዚህ አገር የሚዘንበው በዓመት እጅግ ጥቂት ሲሆን የሚበዛውም በሐምሌና በነሐሴ ነው። ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት የተለካ ውሃ ሁሉ የተትረፈረፈ ይመስላል። ልኬቱ አፋሮቹ ሐጋይ በሚሉት በደረቁና በሚያቃጥለው ወቅት፣ በግንቦትና በሰኔ ይሁን።